የእጅ ዕውቀት በፋብሪካ ውስጥ



ፋብሪካ በገንዘብ ይተከላል፤ የሚያሠራው ዕውቀት ግን ከመሣሪያው ጋር በሣጥን ታሽጎ አይመጣም። በጂንካ አካባቢ የሚኖሩት የአሪ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ሙያቸውን የሚቀበሉት ከእናቶቻቸው ነው። ልጅቱ አጠገብ ተቀምጣ እያየች ትለማመዳለች፤ ይሁን እንጂ የእናቷን እጅ እንዳለ አትቀዳም፤ የራሷን አያያዝ ታገኛለች። በዚህም ውርስና ፈጠራ በአንድ ጭቃ ላይ ይገናኛሉ። ሆኖም ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ ለብዙ ዘመን ተንቀው፣ ከገበሬው ጋር እንዳይጋቡ ተከልክለው ኖረዋል። ባለሙያው በተናቀበት ስፍራ ሙያው ከጥቂት ቤተሰቦች አልፎ አይስፋፋም።

ይህ ነገር ለዘመናዊው ኢንዱስትሪም ትምህርት ይሆናል። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በጥር 2003 ዓ.ም. ጂንካ ላይ በተከበረው የአርብቶ አደሮች ቀን ስለ ኦሞ ሸለቆ የስኳር ልማት ተናግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ በሳላማጎ ወረዳ፣ የቦዲ ሕዝብ ከብቱን ሲያሰማራ በኖረበት ምድር፣ በቀን 12,000 ቶን አገዳ እንዲፈጭ የታቀደ ፋብሪካ ተተክሏል።

የስኳር ሥራ ከሁሉ ይልቅ የሚፈትነው በማብሰያው ዘንድ ነው። ሽሮፑ አየሩ በተመጠጠ ማብሰያ ውስጥ ሲወፍር፣ አብሳዩ ልኩን ካሳለፈ ያልተፈለገ ደቃቅ ፍሬ ይፈጠራል፤ ይህም ስኳሩን ከሞላሰሱ መለየትን ያውካል። መለኪያ ይረዳዋል፤ ነገር ግን የፍሬውን መጠን በዓይንና በጣት ማወቅ በብዙ ፈረቃ የሚገኝ ችሎታ ነው። በ1946 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የወንጂ ፋብሪካ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ይህን መሰሉን ሙያ የቀሰሙት በሆላንዳውያን ባለሙያዎች አጠገብ ቆመው ነበር።

ዕውቀትን ማካፈል ሥርዓት ይሻል። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በጃፓን እርዳታ በ30 ፋብሪካዎች የተሞከረውና በ2004 ዓ.ም. የራሱ ኢንስቲትዩት የተቋቋመለት ካይዘን፣ ሠራተኞች በቡድን ተቀምጠው የሥራቸውን ጉድለት ራሳቸው እንዲያርሙ ያደርጋል። ይሁንና ሠራተኛው «ያወቅሁትን ባስተምር ቦታዬን አጣለሁ» ብሎ የሚሰጋ ከሆነ፣ ቡድኑ በስም ብቻ ይቀራል።

ስለዚህ ፋብሪካዎች ማስተማርን እንደ ሥራ ሊቆጥሩት፣ ለሚያስተምረው ሠራተኛ ሰዓትና ዕድገት ሊሰጡት፣ ያሻሻለውንም አሠራር በስሙ ሊመዘግቡለት ይገባል። በደቡብ ኦሞ ደግሞ ከአንጋፋው አብሳይና መካኒክ ጎን የሚቆም የአካባቢው ወጣት ሊኖር ግድ ነው። መሬቱ ለፋብሪካ የዋለበት ሕዝብ ከጥበቃና ከቀን ሥራ በቀር ሌላ ድርሻ ካላገኘ፣ ፋብሪካው በዚያ ምድር ላይ ተተከለ እንጂ ሥር ሰደደ አይባልም።