ባዜቃ በትምህርት ቤት ቢፈስ ምን እንጠይቅ?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው በልጆቻችን ትምህርት ቤት መርዛማ ኬሚካል ቢፈስ እኛ እናቶች ምን መጠየቅ እንዳለብን ነው። ጉዳዩ ከደጃችን ሩቅ አይደለም። በኦክቶበር 2003 እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ባሉ በሚባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ ከሳይንስ ክፍል ሜርኩሪ ወሰደ። በአገራችን ባዜቃ የምንለው ነው። መጠኑ አንድ የውሃ ብርጭቆ ያህል ቢሆን ነው። ሆኖም ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ፣ በልብስና በጫማ ተሸክመውት እስከ ተማሪዎቹ ቤት ደረሰ። ትምህርት ቤቱ ከአንድ ወር በላይ ተዘጋ፤ ቤታቸውን ለጊዜው ለቀው የወጡ ቤተሰቦችም ነበሩ።

ባዜቃ ሲያብረቀርቅ ልጅ ይማርካል። ጉዳቱ ግን በዋናነት ከመንካት ሳይሆን ከመተንፈስ ነው። በክፍል ሙቀት ይተናል፤ ትነቱ አይታይም፣ አይሸትም። ትንንሽ ልጆች ወለል ላይ ይጫወታሉ፤ ከክብደታቸው አንጻርም ከእኛ የበለጠ አየር ይስባሉ። ስለዚህ በአንድ ክፍል የዋሉ ትልቅ ሰውና ሕፃን እኩል አይጎዱም።

«ልጄ ደህና ናት፣ አላመማትም» ብለን ብቻ አንለፈው። በዚያው ቀን አለማመም አለመጋለጥ ማለት አይደለም። በሌላ በኩል፣ እዚያ የነበረ ልጅ ሁሉ ተመርዟል ማለትም አይደለም። የሚለየው መረጃ ነው። በሂሳብ ሥራ ደረሰኝ የሌለው ነገር መዝገብ ላይ አይገባም፤ እዚህም እንደዚያው ነው። እነዚህን እንጠይቅ፦

1. ምን ፈሰሰ? ምን ያህል? በስንት ሰዓት?
2. ልጃችን የት ነበረች? ምን ያህል ጊዜ ቆየች? ነካችው ወይ?
3. ጫማዋ፣ ልብሷ፣ ቦርሳዋ ተመርምሯል?
4. አየሩ በመሣሪያ ተለክቷል? ውጤቱ ስንት ሆነ? ከጽዳቱ በኋላስ?

መልሱን በጽሑፍ እንቀበል፤ ቀኑን ጽፈን እናስቀምጥ። ሐኪም የሽንት ወይም የደም ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነ የሚወስነው በዚህ መረጃ ነው።

ከመካከላችን በትምህርት ቤትና በሕፃናት መዋያ ጽዳት የምንሠራ ብዙ ነን። ፈሰሰ ሲባል መጀመሪያ የምንጠራው እኛ ነን። ባዜቃን በመጥረጊያም በቫኪዩምም አንንካው፤ መጥረጊያው ይበታትነዋል፣ ቫኪዩሙ ወደ አየር ይረጨዋል። የነካው ልብስም ማጠቢያ ማሽን ውስጥ አይገባም። ልጆቹን እናስወጣ፣ በሩን እንዝጋ፣ ለኃላፊው እንናገር። «ዝም ብለሽ ጥረጊው» ብንባል፣ እምቢ ማለታችን ለራሳችንም ለልጆቹም ነው።

የመርዝ መረጃ ማዕከል ስልክ 1-800-222-1222 ነው። ሌሊትም ይሠራል፣ ክፍያ የለውም፤ አስተርጓሚም መጠየቅ እንችላለን። ቁጥሩን ዛሬ ከመበተናችን በፊት ሁላችንም ስልካችን ላይ እንመዝግበው፤ ያልያዘች እህት ካለች አጠገቧ ያለችው ትመዝግብላት።