የአባቴ ቬስፓ



አዘጋጆቹ «ከሕክምናው ውጭ ምን ትሠሪያለሽ?» ብለው ሲጠይቁኝ «ሞተር ሳይክል እጠግናለሁ» አልኳቸው። ሳቁ። እውነቴን ነው።

አባቴ መርካቶ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። ጨርቅ የሚያመላልሰው በቬስፓ ነው። እኔንም አንደኛ ክፍል ስገባ ከፊቱ አቁሞ የወሰደኝ በእሷ ነው። ዓይኑ ሲደክም መንዳት ተወ፤ ቬስፓዋም ጓሮ ቆርቆሮ ሥር ገብታ ለሃያ ዓመት ያህል ዶሮ አደረባት።

ከሦስት ዓመት በፊት አባቴን ስትሮክ መታው። ለእናንተ ማብራራት አያስፈልገኝም፤ ግራ አንጎሉ ነበር። ቀኝ እጁ ዛለ፣ ንግግሩ ሄደ። የምንለውን ይሰማል፣ መልሱ ግን አይወጣለትም። እኔም ሄጄ ግፊቱን ለክቼ፣ ክኒኑን ቆጥሬ እመለስ ነበር። ከማይናገር አባት ጋር ምን ተብሎ እንደሚቀመጥ አላውቅም ነበር።

አንድ እሁድ በምርኩዙ ወደ ቆርቆሮው አመለከተኝ።

ዕቃ ፍለጋ መጀመሪያ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። «እናቴ፣ ይሄ የመኪና ነው፤ ምናለሽ ተራ ሞክሪ» አሉኝ። እዚያ፣ ከአሮጌ ብረት ክምር ውስጥ፣ የፍሬን መያዣ አገኘሁ። ካርቡራቶሩ በደረቀ ቤንዚን ተደፍኖ ነበርና በመርፌ ልከፍተው ስል የሰፈራችን መካኒክ ቀማኝ። «ዶክተር፣ ነሐስ እኮ ነው! ቀዳዳው ከሰፋ አለቀለት። በአየር ነው የሚነፋው።» ዘይቱ ላይ ግን ማንም አልቀደመኝም፦ ሁለት በመቶ፣ ማለትም ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር። በ20 ሚሊ ሲሪንጅ አምስት ጊዜ።

ካንዴላውን ፈትቼ ሳሳየው ከሰል መስሎ ነበር። አባቴ አየውና «ካንዴላ» አለ። ጥርት አድርጎ። ስሜን ከጠራኝ ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ካንዴላን ግን ጠራው! ቀናሁ ብል አትፍረዱብኝ። እነዚህ ቃላት፣ መርካቶ የሚለው ስም ራሱ፣ ጎማ፣ ፍሪሲዮን፣ ከጣሊያን የቀሩልን ናቸው፤ አባቴ ደግሞ ገና በልጅነቱ በጆሮው የያዛቸው። የት ተቀምጠው እንደተረፉለት የነርቭ ሐኪሞቻችን ይንገሩኝ። እንደ ሕክምና ግን አልመክርም፤ በሽተኛው አንድ ነው፣ ማነጻጸሪያም የለው።

ቬስፓ ላይ ፍሪሲዮኑም ማርሹም በግራ እጅ ነው። ደህናው እጁ! ኮርቻው ላይ አስቀመጥነው፣ ወንድሜ ከኋላ ደገፈው፣ እኔ በቀኝ ቆሜ ነዳጁን ያዝኩ። ብዙ ረገጥኩ። ስትነሳ ጊቢው በጭስ ተሞላ፣ ጎረቤት ወጣ። አባቴ ፍሪሲዮኑን ጨብጦ ማርሹን አዞረ፤ እስከ በሩ ድረስ ሄድን። «ሐኪም ልጅ አለችኝ» እያለች የምትመካው እናቴ «ልትገድዪው ነው?» ብላ ጮኸችብኝ። እውነቷን ነው፣ የተሰበረ ባለ ሞተር ስንቱን አክሜያለሁ።

ከጊቢ አናወጣትም። ከተማው ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ሳይክሎችን አግዶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ የእኛዋ ደግሞ ታርጋዋም የለ።

እስካሁን ካንዴላ፣ ቤንዚን፣ ጎማ ይላል። ስሜን ገና ነው። የፊታችን እሁድ ፍሪሲዮኑን እንፈታለን።