የተቀባዩ ድርሻ፦ የአገር ቤት ዜማና አካል ጉዳተኛ ወጣቶች በብሉሚንግተን



የቡሄው ሆያ ሆዬ ሁለት ድርሻ አለው። አውራጁ ግጥም እየፈጠረ የቤቱን ባለቤት ያሞግሳል፤ ተቀባዮቹ በዱላ መሬት እየመቱ አንዲት ፊደል ይመልሳሉ። ከተቀባዩ የሚጠበቀው ተራውን ጠብቆ በጊዜው መመለስ ብቻ ነው። በአንደበቱ የማይናገር ወጣት ምላሹ የተቀዳበትን ቁልፍ ተጭኖ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድም ወለሉን በዱላ መትቶ ሙሉ ተቀባይ ይሆናል። ጨዋታው ለእነርሱ ተብሎ አልተለወጠም፤ ቦታው ቀድሞም ነበረ።

ተራ ጠብቆ መመለስ በልዩ ፍላጎት ትምህርት የግል ዕቅዶች ውስጥ ዘወትር የሚጻፍ ግብ ነው። በብሉሚንግተን የሚያድግ ልጅ ይህንኑ በእንግሊዝኛ መዝሙር ብቻ ከተለማመደ፣ መዝሙሩን የማታውቅ አያቱ ማታ ልታግዘው አትችልም። በአበባየሆሽ ከተለማመደ ግን አውራጅ ከቤቱ አያጣም። (በሚኒሶታ ብዙው ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፤ ቡሄም የክርስቲያን በዓል ነው። ስለዚህ ዜማውን የሚመርጠው ቤተሰቡ እንጂ ትምህርት ቤቱ አይደለም።)

የፌዴራሉ ሕግ ለዚህ በሩን አልዘጋም። የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ደንብ ማብራሪያ፣ የደጋፊ አገልግሎቶች ዝርዝር ያልተሟላ መሆኑን ገልጾ፣ ለተማሪው ትምህርት አስፈላጊ እስከሆኑ ድረስ የሙዚቃ ሕክምናና ባህላዊ መርሐ ግብሮች ሊካተቱ እንደሚችሉ አመልክቷል። የጎደለው በዕቅዱ ላይ የሚሰፍር አንድ መስመር ነው። ያ መስመር ከሌለ የአስተማሪዋ በጎ ፈቃድ ከአስተማሪዋ ጋር ይሄዳል።

በሚኒሶታ የልዩ ፍላጎት ትምህርት መብት 22 ዓመት ሲሞላ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ዜማው የሚቀጥለው በማኅበረሰብ መድረክ ከሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሕዝቡ በድምፁ ያጸደቀው የሌጋሲ ማሻሻያ ከሽያጭ ታክስ ጭማሪው 19.75 በመቶውን ለኪነ ጥበብና ለባህል ቅርስ መድቧል፤ ይህ ታክስ እ.ኤ.አ. በ2034 ያበቃል። የማራዘሙ ረቂቅ ሲዘጋጅ የመጓጓዣ፣ የረዳት ሠራተኛና የመግባቢያ መሣሪያ ወጪ እንደ ከበሮውና እንደ አዳራሹ ኪራይ ሁሉ የኪነ ጥበብ ወጪ ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። ዛሬ 14 ዓመት የሆነው ተቀባይ ያን ጊዜ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ይሆናል።