ፍቅረኞች ከተለያዩ በኋላ ወዳጅ ሆነው ሊኖሩ ይችላሉን?
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የመረጥነው ጉዳይ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ባይገኝም በክፍላችን ውስጥ ግን ዘወትር ይገኛል። ይኸውም ይዋደዱ የነበሩ ሁለት ወጣቶች ከተለያዩ በኋላ ወዳጅነታቸውን ይቀጥሉ ወይስ ፈጽመው ይራራቁ የሚለው ጥያቄ ነው። ወላጆቻችን ይህን በአደባባይ መናገራችንን እንደ ድፍረት እንዳትቆጥሩብን በትሕትና እንለምናለን፤ ነገሩ ተሸሽጎ ሲቀር ጉዳቱ ይብሳልና።

አንዳንዶች ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል ብለው መራቅን ይመክራሉ። ነገር ግን በቂርቆስና በካዛንቺስ መንደሮች ያደግን ልጆች መራቅ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ባልና ሚስት ቢፋቱም እድርተኛ በሞተ ጊዜ ሁለቱም ለቅሶ ይደርሳሉ፤ ጥር 15 ቀን የቅዱስ ቂርቆስ በዓል ሲከበርም ከአንድ ቅጥር ግቢ ይገናኛሉ። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ የካዛንቺስ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ስፍራዎች ሄደዋል። ሆኖም የሚዋደዱ ጎረቤቶች ዛሬም ይጠያየቃሉ። እንግዲህ ርቀት ብቻውን ፍቅርንም ቂምንም አያጠፋም ማለት ነው።

ሕጋችንም ቢሆን የተለያዩ ሰዎች ፈጽሞ እንግዳ ለእንግዳ ይሆናሉ አይልም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፥ ባልና ሚስት ሲፋቱ ፍርድ ቤቱ ልጆቹን ማን እንደሚያሳድግ፥ ወላጅና ልጅም እንዴት እንደሚጠያየቁ እንዲወስን ያዛል። ስለዚህ የተፋቱ ወላጆች ስለ ልጃቸው ሲሉ በሰላም መነጋገር ያሻቸዋል።

እኛ ግን ሰላምታና ወዳጅነት አንድ አይደሉም እንላለን። ሰላምታ ከዕለቱ ጀምሮ የሚሰጥ ዕዳ ነው፤ ወዳጅነት ግን ጊዜ ይፈልጋል። ተመልሳ ትወደኛለች ወይም ተመልሶ ይወደኛል በሚል ተስፋ የሚቀርብ ወዳጅነት ወጥመድ እንጂ ወዳጅነት አይደለም። መለኪያውም ይህ ነው፤ ያ ሰው ሌላ መውደዱን ስንሰማ ሳንከፋ ደግ እንመኝለታለንን? ይህን ገና የማንችል ከሆነ ለጊዜው ራቅ ብሎ ትምህርትን መከታተል ነውር የለበትም።

ዱላ ወይም ዛቻ በነበረበት ስፍራ ግን ወዳጅነት አይታሰብም። የተጎዳው ወገን ለወላጅ ወይም ለመምህር ይንገር፤ ማንም «ታረቁ» እያለ አያስገድደው።

ሌላው ነገር ምስጢር ነው። በፍቅር ጊዜ የተሰጠ ደብዳቤም ሆነ ፎቶግራፍ በጠብ ጊዜ የጦር መሣሪያ መሆን የለበትም። የሰውን ክብር የሚያጎድፍ ጽሑፍ ወይም ምስል በስልክና በኮምፒዩተር ማሠራጨት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል። ከቅጣቱም ይልቅ የታመነንን ሰው መክዳት ይከብዳል።

እናንተም የሁለቱ ጓደኞች ሆይ፥ ክፍሉን ለሁለት አትክፈሉት፤ ወሬም አታመላልሱ። ብዙ ጊዜ ቁስሉን የሚያመረቅዘው መለያየቱ ሳይሆን የአመላላሹ ምላስ ነው።

አባቶቻችን «ቂም ይዞ ጸሎት፥ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላሉ። ወዳጅ መሆን ባንችል እንኳ ቂመኛ አለመሆን በእጃችን ነው። ነገ ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን በሥራም ሆነ በለቅሶ ስንገናኝ ፊታችንን የምናዞርበት ሰው እንዳይኖረን ከዛሬ እንጀምር።