ስለ አዲሱ ድንኳናችን ጉድለትና ስለ አቤቱታው
(በጥር ወር 2018 ዓ.ም. በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የድንኳኑን ጉዳይ እንድንከታተል የመረጣችሁን ሦስት ሰዎች የደረስንበትን ለጉባኤው እንድናስረዳ ታዘናል። በከተማው ብዙ ወሬ መወራቱን ሰምተናል። «ገንዘቡ ተበላ» ያለም አለ፣ «ድንኳኑ አሮጌ ነው፣ ቀለም ተቀብቶ ነው የመጣው» ያለም አለ። ሁለቱም እውነት አይደለም። ስለሆነም ነገሩን ከሥሩ እንነሣና እናስረዳ።

የቀድሞው ሸራችን ፀሐይ አንድዶት፣ የእንጨት ቋሚዎቹንም ምስጥ በልቷቸው እንደነበር የማያውቅ የለም። በመሆኑም በጉባኤው ውሳኔ በ2017 ዓ.ም. የካቲት ወር ላይ አዲስ አበባ ካለ አንድ ድንኳን ሰፊ ድርጅት ከነብረት ቋሚው አዲስ ድንኳን ተገዛ። የድርጅቱን ስም እዚህ አንጠራም፤ ጉዳዩ ገና አላለቀምና። ዕቃው በአይሱዙ ተጭኖ በሻሸመኔ፣ በሐዋሳ፣ በክብረ መንግሥት አድርጎ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መጋቢት ላይ ነገሌ ገባ።

በገባ በማግስቱ ከዕቃ ቤት ኃላፊው ጋር ሆነን ተከልነው። ካስማውን፣ ገመዱን፣ ብረቱን ቆጠርን፤ ቁጥሩ ልክ ነው። ከዚያ ውሃ በባልዲ አስቀድተን ከላዩ አፈሰስንበት። የኛ አገር ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ደግሞም ከመስከረም እስከ ኅዳር ነውና (የቦረናና የጉጂ ወገኖቻችን ገና እና ሀገያ የሚሉት፤ ገና ሲሉ የልደቱን በዓል ማለታቸው አይደለም) ዝናቡ እስኪመጣ የምንጠብቅበት ጊዜ አልነበረም። ውሃው በጎን በኩል ደህና ወረደ። አናቱ ላይ ግን፣ ሸራው ከሸራ በተጋጠመበት ስፌት ሁሉ፣ ጠብ ጠብ ይል ጀመር። ሁለት የብረት ቋሚዎችም ብየዳቸው ተሰንጥቆ ተገኘ።

በዚያው ቀን ቃለ ጉባኤ ያዝን፤ የተገኙት ሁሉ ፈረሙ። ለሻጩ በስልክ ነገርነው። እሱም «አዲስ የጥጥ ሸራ መጀመሪያ ያፈሳል፤ ክሩ ውሃ ሲጠጣ አብጦ የመርፌውን ቀዳዳ ይደፍነዋል፤ እያረጠባችሁ አድርቁት» አለን። ይኼ ሐሰት አይደለም። ሸራ የሚያውቁ ሰዎችን ብንጠይቅ እነሱም አረጋገጡልን። ስለዚህ ሦስት ጊዜ አርጥበን ሦስት ጊዜ አደረቅነው። የጎኑ ስፌት እውነትም ጠበቀ። የአናቱ ግን እንዳለ ቀረ፤ ምክንያቱም እዚያ ላይ ሸራው ታጥፎ በሁለት ረድፍ እንደመሰፋት በአንድ ረድፍ ብቻ ተሰፍቶ ነበር። የቀዳዳ ነገር ሳይሆን የአሠራር ጉድለት መሆኑ የታወቀው በዚህ ነው። ብየዳውማ ውሃ ጠጥቶ አይድን!

መልስ ስንጠብቅ ሞት አይጠብቅምና ከአባሎቻችን አንዷ እናት አረፉ። ሌላ ድንኳን ስላልነበረን ያንኑ ተከልነው። በሁለተኛው ሌሊት ዝናቡ መጣ። ለቅሶኛው ከፍራሹ ተነሥቶ ግድግዳ ሥር ተጠጋ፤ ልጆቻቸው የእናታቸውን ሐዘን ትተው ሳፋ ሲደቅኑ አደሩ። አንድም ሰው በኛ ላይ ክፉ ቃል አልተናገረም፤ ይኸው ዝምታ ነው ይበልጥ የከበደን።

ከዚህ በኋላ በስልክ መነጋገሩን ትተን በሪኮማንዴ ደብዳቤ ጻፍን። እዚህ ላይ ለሁላችሁም የሚጠቅም ነገር ስላለ ትንሽ እንቆይበት።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሽያጭ ሲናገር፣ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ ነው ይላል፤ ቁጥሩ 2287 ነው። ገዢም በበኩሉ ግዴታ አለበት። ዕቃውን እንዳገኘ ቶሎ መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት፤ ቁጥር 2291 እና 2292። ክስም ቢሆን ካስታወቀበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ካላቀረበ መብቱ ይቀርበታል፤ ቁጥር 2298። ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ደብቆ እንደሆነ ደግሞ «ኃላፊ አይደለሁም» የሚል ውል ቢያስፈርምም አይጠቅመውም። በየሱቁ የተለጠፈውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አንብቦ አንገቱን ደፍቶ የሚመለስ ሰው ይኼን ይወቅ።

ሌላም አለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ብሎ መጠየቅ እንዲችል ደንግጓል። ነገር ግን አዋጁ ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ የሚገዛን የተፈጥሮ ሰው ነው። ዕድር ደግሞ ማኅበር ነው። ስለዚህ እኛ በድንኳኑ ነገር የተመረኮዝነው በፍትሐ ብሔሩ ላይ ነው። እናንተ ግን ለቤታችሁ ፍሪጅ ወይም ቴሌቪዥን ገዝታችሁ ቢበላሽ 15ቱን ቀን ቁጠሩ። ከፊልቱ፣ ከዶሎ አዶ፣ ከያቤሎ የምትመጡም እንደዚሁ። የመንገዱ ርቀት ቀኑን ይበላዋልና ዕቃው ሲደርስ ካርቶኑን ለበዓል ብላችሁ አታስቀምጡት።

የተበላሸ ዕቃ አቤቱታ ለነገሌ አዲስ አይደለም። ወሩ ጥር ስለሆነ ሽማግሌዎቻችን ያስታውሱታል። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. እዚሁ ሰፍሮ የነበረው ጦር ያመፀው የውሃ ፓምፑ ተበላሽቶ፣ መኮንኖቹም ከራሳቸው ጉድጓድ አናስቀዳም ብለው፣ ምግቡም ከፍቶ ነበር። ጃንሆይ የምድር ጦር አዛዡን ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ላኩ፤ ወታደሩ ግን እሳቸውንም ይዞ ከዚያው ምግብና ከዚያው ውሃ አቀመሳቸው። በተከታዩ ወር አሥመራ ያለው ጦር ተነሣ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። አንድ ፓምፕ መንግሥት ጣለ ማለታችን አይደለም፤ የአገሩ ምክንያት ብዙ ነበር። ነገር ግን ፓምፑ በጊዜው ተጠግኖ ቢሆን ኖሮ የዚያን ቀን ነገሌ ላይ ምን ይሆን ነበር ብለን እናስባለን።

ወደ ድንኳናችን እንመለስ። ደብዳቤያችን የጉድለቱን ዓይነት፣ የተገኘበትን ቀንና የምስክሮቹን ፊርማ የያዘ ነበር። ስልክ ላይ ሲቆጣ የነበረው ሰው ደብዳቤው ሲደርሰው ቃሉ ለዘበ። ዕቃውን አምጡና ይታይ አለ። የአናቱን ሸራና ሁለቱን ብረት በጭነት መኪና ላክን። ሰኔ ላይ አናቱ በሁለት ረድፍ ተሰፍቶ ተመለሰ። በመስከረምና በጥቅምት ዝናብ ሁለት ለቅሶ ተቀምጠንበታል፤ ጠብታ አልገባም። ይኼን ሰውየው ላደረገው መመስከር ይገባናል።

ብረቶቹ ግን ሳይበየዱ ተመለሱ። እዚሁ ነገሌ በዕድሩ ገንዘብ አስበየድናቸው። የመሄጃውንና የመመለሻውን የጭነት ኪራይም የከፈልነው እኛው ነን። ሻጩ ሁለቱንም አልከፍልም ብሏል። የመጀመሪያው ደብዳቤያችን የተላከው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ስለሆነ አንድ ዓመቱ ሊሞላ ሁለት ወር ነው የቀረው።

በእኛ በኩል ያለው ሐሳብ ሁለት ነው፤ አልተስማማንም። ሁለታችን፣ ሰው አዲስ አበባ ድረስ ተልኮ ችሎት ሲመላለስ አበሉ ከሚጠየቀው ገንዘብ ይበልጣልና እዚያ ያሉ የአገራችንን ልጆች ሽማግሌ አድርገን በእነሱ በኩል እንጠይቅ እንላለን። ሦስተኛው ደግሞ፣ ገንዘቡ የመበለትና የጡረተኛ መዋጮ ስለሆነ አንድ ብርም ቢሆን አይተውም፣ ይከሰስ ይላል። ሽምግልናውም ቢመረጥ ከየካቲት መጨረሻ ማለፍ የለበትም፤ ካልተሳካ ለክሱ ጊዜ ይቀር ዘንድ።

ደረሰኙ፣ ቃለ ጉባኤው፣ የፖስታ ቤቱ ወረቀትና የደብዳቤዎቹ ግልባጭ ከጸሐፊው ዘንድ በአንድ ፋይል አሉ። ማየት የሚፈልግ አባል ከስብሰባው በኋላ ይጠይቅ። አሁን እጅ ይውጣ።