ሕግ የማይደርስበት ጓሮ

(ለዱመርሶ ጀመዓ የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ስለ አየር ንብረት ለውጥ እንደምናገር የሰሙ አንድ አባት «ይህ የመንግሥት ሥራ አይደለም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ ንግግሬም ለእርሱ መልስ ነው።

መንግሥት የበኩሉን ሕግ አውጥቷል። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065 በ2010 ዓ.ም. ወጥቷል። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የአረንጓዴ አሻራ የችግኝ ተከላ ተጀምሯል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን አዋጅ በየሰው ጓሮ ገብቶ ዘብ አይቆምም። በዘመቻ የተተከለ ችግኝም የሚኮተኩተውና ከከብት የሚጠብቀው ባለቤት ካላገኘ በበጋ ይደርቃል። ጀንበር ስትጠልቅ መጥረቢያ ያነሳውን ሰው የሚያየው አላህ (ሱ.ወ.) ነው።

የምንኖርበት የጌዴኦ ምድር ተዳፋት ነው፤ ሕዝቡም ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረበት ነው። እንዲህ ያለ መሬት ራቁቱን ቢተው ኖሮ አፈሩ በጎርፍ ታጥቦ ባለቀ ነበር። እዚህ ግን ከላይ ዋንዛና ብርብራ፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡና ተደራርበው አፈሩን ይዘውታል። ትልቁ ዛፍ የፀሐዩን ግለት ያበርዳል፤ ቅጠሉ ረግፎ መሬቱን ያለማል፤ እንሰቱም እርጥበት ይቋጥራል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በሪያድ የተሰበሰበው የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዐ ምድር ሲመዘግብ፣ ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ ይኸው የእርሻ ጥበብ ነበር። ይህን ጥበብ ያቆየው ጠመንጃ የያዘ ዘበኛ አይደለም። በሶንጎ የሚቀመጡ የሽማግሌዎች ቃል፣ የጎረቤት ይሉኝታና ለልጅ ማሰብ ናቸው።

ዛሬ ግን ይህ ማሰሪያ እየላላ ነው። ቀድሞ አንዳንዱ ዛፍና ጫካ የማይነካው በአምልኮ ፍርሃት ነበር። ሰው ወደ ተውሒድ ሲመጣ ያ ፍርሃት ቀረ፤ መቅረቱም ትክክል ነው፤ ዛፍ አይመለክምና። ሆኖም ፍርሃቱ ሲሄድ መጥረቢያውም አብሮ ተፈታ። እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፤ ዛፉን መፍራት ትተን፣ ዛፉን የፈጠረውን ፈርተን ካልጠበቅነው፣ አደራችንን ተወጥተናል እንላለን? ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲናን ሐረም ሲያደርጉ ዛፏ እንዳይቆረጥ፣ አውሬዋም እንዳይታደን ከልክለዋል። ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ሶደቃ ሆኖ እንደሚጻፍለት አስተምረዋል። ቂያማ ሲቃረብ እንኳ በእጁ ችግኝ ያለ ሰው ከቻለ እንዲተክላት መክረዋል።

«የእኛ ጭስ ምን ያህል ነው? አየሩን ያሞቁት ፋብሪካ ያላቸው ባለጸጎች አይደሉም ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፤ ጥፋቱ በአመዛኙ የእነርሱ ነው። በ2007 ዓ.ም. በኢስታንቡል የተሰበሰቡ ሙስሊም ምሁራን ባወጡት መግለጫ ባለጸጋና ነዳጅ አምራች አገሮችን አሳስበዋል፤ ነገር ግን በዚያ ሳያበቁ ሙስሊሙ ሁሉ በያለበት እንዲነሳ ጠርተዋል። ዕዳው በእኛም ቡና ላይ ይወድቃልና። በ2009 ዓ.ም. የወጣ የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጥናት እንደሚለው፣ በቂ እርምጃ ካልተወሰደ አሁን ቡና ከሚበቅልበት የአገራችን መሬት ከመቶ 39 እስከ 59 የሚሆነው እስከ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል። ለቡናችን ከሙቀት የሚከላከልለት ቅርብ ጋሻ የጓሯችን ጥላ ዛፍ ነው።

ዛፍ የሚቆርጥ ሰው ሁሉ ክፉ ሆኖ አይደለም። የቡናው ገንዘብ ካለቀ በኋላ ልጅ ሲታመም ወይም የትምህርት ቤት ወጪ ሲመጣ፣ ያልደረሰ ዋንዛ በርካሽ ይሸጣል። እንዲህ ያለውን ወንድም «አትቁረጥ» ብሎ ገሥጾ ብቻ መመለስ አይበቃም። ስለዚህ ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ኮሚቴው ምእመናን በፈቃዳቸው ከሚሰጡት ሶደቃ ጥቂት ለይቶ የቀርዱል ሐሰን ሣጥን ያቁም። የተቸገረ ሰው ዛፉን ከመሸጡ በፊት ወደዚያ ይምጣ፤ ያለ ወለድ ተበድሮ ቡናው ሲደርስ ይመልስ።

ሁለተኛ፣ የደረሰ ዛፍ የቆረጠ ሰው በዚያው ክረምት አገር በቀል ችግኝ ይትከል፤ ሁለት በጋም ይንከባከበው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ገንዘብ ይሆናል፤ ለቡናና ለእንሰት ግን እንደ ዋንዛና እንደ ብርብራ አይሆንላቸውም።

ሦስተኛው ስለ ውሃ ነው። ከወራጅ ወንዝ ዉዱእ ስናደርግ እንኳ እንዳናባክን ታዝዘናል። የመስጊዳችን የዉዱእ ውሃ በቦይ ወደ ችግኞች ይሂድ። በቡና መፈልፈያ የምትሠሩም ገለፈቱንና እጣቢውን ወደ ወንዝ እንዳይለቀቅ ተከላከሉ። ገለፈቱ ሲበሰብስ ለእንሰት ማዳበሪያ ይሆናል፤ ወንዝ ሲገባ ግን ከታች ያለው ጎረቤታችን የሚጠጣውን ያበላሻል።

እነዚህን ብንተው የሚቀጣን ዳኛ ላይኖር ይችላል። ነገር ግን ምድሪቱ በአደራ ተሰጥታናለች፤ ከአደራ ሰጪው ፊትም እንቆማለን። ለአባቶቻችን ዛፍ ጠብቀው ላወረሱን እናመስግን፤ እኛም ለልጆቻችን ጥላ እናውርስ። አላህ ሥራችንን ይቀበለን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።