የዳማሷ ነገር

(በዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ በአስተባባሪ ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)



በዓመቱ አጋማሽ በላክንላችሁ ሪፖርት ውስጥ «ተሽከርካሪያችን ጥገና ላይ ናት» የምትል አንዲት መስመር ነበረች። ውሸት አልነበረችም፤ ሙሉም አልነበረችም። ዳማሷን የገዛናት ግማሹን እናንተ በሰጣችሁን፣ ግማሹን ደግሞ ከእንጀራና ከባልትና ሽያጭ በቆጠብነው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ሰባት ሳምንት ለምን እንደቆመችና 27,000 ብር ከካዝናችን ለምን እንደወጣ ልንነግራችሁ ይገባል።

ከኮልፌ ወደ አውቶቡስ ተራ ስንሄድ፣ ዳገት ላይ፣ ተማሪዎች የሚያቋርጡበት ዜብራ አለ። ሾፌራችን ልጆቹን ለማሳለፍ ቆመች። ከኋላችን የነበረው ሚኒባስ ታክሲ ግን ሳይቆም መጥቶ መታን። ለሁለት ሆቴሎች የተጫነው እንጀራ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። አንዷ እህታችን ከእንጀራው ጋር ከኋላ ተቀምጣ ነበር። (እዚያ ሰው መቀመጥ እንደሌለበት አሁን ገብቶናል።)

ታክሲውን የሚነዳው ገና ልጅ ነው። ወርዶ እግራችን ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። «እናቶቼ፣ ስለ እመብርሃን፣ ትራፊክ አትጥሩብኝ። መኪናው የሰው ነው፤ ባለቤቱ ከሰማ ዛሬውኑ ያባርረኛል። እኔ ራሴ አሠራላችኋለሁ» አለን። ረዳቱ የዕለቱን ገቢ ቆጥሮ 3,000 ብር እጃችን ላይ አስቀመጠ። ከኋላ ክላክሱ ይጮሃል፣ የሆቴሎቹ የምሳ ሰዓት እየደረሰ ነው፣ እኛም ልጆች አሉን። ጉዳቱንም አቃለልነው፤ የኋላ በር፣ ፓራውልትና አንድ ስቶፕ መብራት ብቻ መሰለን። ስልክ ቁጥሩን ተቀበልንና መኪኖቹን አነሳን።

እዚያው ሌላ ባለታክሲ መጥቶ በቁራጭ ወረቀት «3,000 ብር ተቀብለናል፤ ከእንግዲህ ሌላ ጥያቄ የለንም» ብሎ ጽፎ ፈርሙ አለን። ልንፈርም ነበር። ከመካከላችን ታላቋ «መነጽሬን ስላልያዝኩ ያላነበብኩትን አልፈርምም» ብላ እምቢ አለች። መነጽሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ያቺን ወረቀት ፈርመን ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንነግራችሁ ታሪክ ከዚህ የባሰ ይሆን ነበር።

ባትላሜራው የኋላውን በር ሲፈታው ሻንሲው ታጥፎ ተገኘ። ከነቀለሙ 48,000 ብር ጠየቀን። «ደህና ነኝ» ብላ ወደ ቤቷ የገባችው እህታችን ደግሞ በሦስተኛው ቀን አንገቷን ማዞር አቃታት፤ የሕክምናዋን ወጪ ከመረዳጃ ሣጥናችን ከፈልን። ልጁ ስንደውልለት መጀመሪያ ላይ ያነሳ ነበር። ቅዳሜ አለ፣ ከዚያ ዕቁብ ሲደርሰኝ አለ፣ ከዚያ ስልኩ ዝግ ሆነ።

ሾፌራችን የታክሲውን ታርጋ በስልኳ አንስታ ስለነበር በእሱ ተከታትለን ባለንብረቱን አገኘነው። ሻይ ጋበዘን፣ አከበረን፣ ከዚያም «ዳገት ላይ ወደ ኋላ ተንሸራታ የመታችን የእናንተ መኪና ናት» አለን። ሳቅን። የሚያስቅ አለመሆኑ የገባን ወደ ትራፊክ ፖሊስ ስንሄድ ነው። ፕላን አልተነሳም፤ መኪኖቹን ያነሳነው እኛው ነን። ከዜብራው ፊት ለፊት ሱቅ የነበረው ሰውዬ ሁሉን አይቶ ነበር፤ ስንመለስ ግን ሱቁ ሌላ ተከራይ ገብቶበታል።

በነፃ የምታማክረን ጠበቃ ሕጉን አስረዳችን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2084 ሁለት ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ለአደጋው እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ ይገምታል። ባለንብረቶቹም የጉዳቱን ድምር እኩል ይካፈላሉ። ይህ የማይሆነው ጥፋቱ በሙሉ ወይም በአብዛኛው የአንደኛው ሾፌር መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። እንግዲህ ከኋላ የመታ ሁሉ ጥፋተኛ ነው እያልን በልባችን ብንተማመንም፣ ማስረጃ ከሌለን የሚጠብቀን ግማሽ በግማሽ ነው። የእኛ 48,000 ነው፤ ባለንብረቱም የእኔም ፊት ተጎድቷል ብሎ 6,000 አመጣ። ድምሩ 54,000፣ ግማሹ 27,000 ነው። ከእሱ ድርሻ ላይ የራሱ 6,000 ሲቀነስ 21,000 ለእኛ ይደርሰናል፤ 3,000 አስቀድመን ወስደናል። ሽማግሌዎች ተቀምጠው በዚሁ ስሌት 18,000 ብር ከፈለን። ፍርድ ቤት መሄድም እንችል ነበር፤ የካሣ ጥያቄ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። እኛ ግን እንጀራ ማድረስ ነበረብን። በባጃጅ እያደረስን ከርመን ከሁለቱ ሆቴሎች አንዱን አጣን።

ይህ ሁሉ ሆኖ የበለጠ የቆጨን ሌላ ነገር ነው። ከወራት በኋላ ያንን ልጅ በሌላ መስመር ረዳት ሆኖ አገኘነው። እኛ ባለንብረቱ ዘንድ በሄድንበት ቀን ተባሯል፤ የወር ደመወዙንም አልተቀበለም። አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ያስገድዳል። መድኑ ጣሪያ አለው እንጂ በሌላ ሰው አካልና ንብረት ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚገባው እሱ ነው። የመኪና ባለንብረትም በሕጉ ኃላፊ ነው። በዚያች ዳገት ላይ ከነበሩት ሁሉ ለመክፈል አቅም ያልነበረው ያ ልጅ ብቻ ነበር፤ እኛ ደግሞ ዕዳውን በሙሉ እሱ ላይ ጣልነው። አዘንንለት ብለን ነው። ትራፊክ ብንጠራ ኖሮ ቅጣት ይደርስበት ነበር፤ እሱን አንክድም። በኮሚቴው ውስጥ እንኳ «አሁንም ቢሆን አልጠራበትም» የምትል አንዲት እህት አለች፤ ሁለት ስብሰባ ሙሉ ተከራክረን አላሳመንናትም።

ከዚያ ወዲህ ዳማሷ ውስጥ አንድ ወረቀት ለጥፈናል። ሰው ከተጎዳ ወይም ተጎድቶ ይሆናል ብለን ከጠረጠርን መኪና አይነሳም፤ ፖሊስ ይጠራል። ሁለቱ መኪኖች እንደቆሙ፣ ከነመንገዱ መስመር፣ ከአራቱም ጎን ፎቶ ይነሳል። የሾፌሩ መንጃ ፈቃድ፣ የመኪናው ሊብሬና የመድን ወረቀቱ ይመዘገባል። ካዩት ሰዎች ቢያንስ የሁለቱ ስልክ ይያዛል። ገንዘብ መንገድ ላይ አንቀበልም፣ ወረቀት አንፈርምም። ልጅ ቢያለቅስ ውሃ እንሰጠዋለን፣ አብረነው እንቆማለን።

አንድ የሚወሰን ጉዳይም አለን። እስከ ዛሬ ዳማሷ ያላት መድን የሦስተኛ ወገን ብቻ ነው፤ እሱ የሌላውን እንጂ የራሳችንን መኪና አይጠግንም። ሙሉ ኢንሹራንስ እንግባላት ወይስ አንግባላት የሚለው በአጀንዳው ተራ ቁጥር 4 ላይ ነው። ከሦስት ኩባንያዎች የተቀበልነው ዋጋ ከቡናው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጧል። የዓመቱ ክፍያ ከትርፍ ክፍፍላችን ላይ ስለሚቀነስ፣ ከመወሰናችሁ በፊት እያንዳንዳችሁ አንብቡት። መነጽር ያልያዘች ካለች እናነብላታለን።